ስልኩ ዝም ሲል፣ አማርኛውን ሲዘልና አልታዘዝ ሲል፦ የቶክባክ ችግርና መፍትሄ

በቶክባክ፣ ማለትም ለማያዩ ሰዎች ስክሪኑን ጮክ ብሎ በሚያነበው የአንድሮይድ ሶፍትዌር፣ የሚሠራ ስልክ ሲያስቸግር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሞባይል ቤት ነው። እዚያ ያለው ባለሙያ ቶክባክን የማያውቅ ከሆነ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሪሴት። ሪሴት ከተደረገ የተጫነው የአማርኛ ድምፅ፣ አፖች ላይ እየለያችሁ ስም የሰጣችኋቸው ቁልፎች፣ ባክአፕ ያልተደረገ ስልክ ቁጥርና መልእክት ሁሉ ይሄዳል። ስልኩ እንደተቆለፈ ሪሴት ከተደረገና የጉግል አካውንቱ ፓስዎርድ ካልታወቀ ደግሞ ጭራሽ አልከፈት ይላል። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች ሪሴት የሚያስፈልገው አንድም የለም። እባካችሁ ስልኩን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ።

በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ስልኩ ራሱ ነው። ሁለተኛው ቶክባክ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን እየለየ የሚያነበው ሶፍትዌር። ሦስተኛው የንግግር ኢንጂን ነው፤ ቶክባክ የሰጠውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ የሚቀይረው። ቶክባክ ደህና ሆኖ ኢንጂኑ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ ስክሪኑን ስትነኩ ስልኩ ይንዘራል ወይም ጠቅ ይላል፣ ቃል ግን አይወጣውም።

ከዚህ በታች «የቶክባክ ሜኑ» ስንል ስክሪኑን በሦስት ጣት አንድ ጊዜ መታ ሲያደርጉት የሚመጣውን ዝርዝር ነው። በቆዩ ስልኮች ሦስት ጣት አይሠራም፤ በአንድ ጣት፣ ጣትን ሳያነሱ ወደ ታች ከዚያ ወደ ቀኝ መሳብ ነው።

ስልኩ በርቷል፣ ግን አንድ ቃል አይናገርም

ስክሪኑን ንኩና አዳምጡ። ንዝረትም ጠቅታም ከሌለ ቶክባክ ጠፍቷል ማለት ነው። ሁለቱን የቮልዩም ቁልፎች አንድ ላይ ለ3 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ይህ አቋራጭ የሚሠራው አስቀድሞ ከበራ ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩ ደህና እያለ ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ቶክባክ ውስጥ ገብታችሁ ሾርትከቱ መብራቱን አረጋግጡ። አዲስ ስልክ ስትገዙ ከሱቁ ሳትወጡ የምትሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ይህ ይሁን።

ንዝረት ካለ ችግሩ ድምፁ ጋ ነው። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ የቶክባክ ድምፅ የራሱ ቮልዩም አለው። ስለዚህ ጥሪው ጮክ ብሎ፣ ሙዚቃውም በደንብ እየተሰማ ቶክባክ ብቻ ድምፁ ዜሮ ሊሆን ይችላል። መፍትሄው በአንድ ጣት ስክሪኑን እየዳሰሱ፣ ቶክባክ መናገር በሚገባው ቅጽበት የቮልዩም መጨመሪያውን ደጋግሞ መጫን ነው። ቶክባክ ዝም ባለበት ሰዓት ከተጫነ የሚጨምረው የሙዚቃው ወይም የጥሪው ድምፅ ነው።

ብሉቱዝንም አትርሱ። ከዚህ ቀደም የተገናኘ ስፒከር ወይም የመኪና ቴፕ አጠገባችሁ ካለ ስልኩ የሚናገረው በእሱ ነው። በነገራችን ላይ በብሉቱዝ ማዳመጫ የቃላት መጀመሪያ እየተቆረጠ የሚመጣው ማዳመጫው ባትሪ ለመቆጠብ በየመሀሉ ስለሚያንቀላፋ ነው። ለዕለት ሥራ በሽቦ ያለው ይሻላል።

ይህም ካልሆነ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ። ፓወሩን ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ መያዝ ይበቃል፤ አንዳንዱ ስልክ ቮልዩም መቀነሻውን አብሮ መያዝ ይፈልጋል። አሁንም ዝም ካለ የሚያይ ሰው አስፈላጊ ነው። ግን ቶክባክ እንደበራ ስልኩን አትስጡት። አንዴ ሲነካ አልከፈት ይለዋል፣ ግራ ይገባዋል፣ ወዲያው «ስክሪኑ ተበላሽቷል» ይላችኋል። በቮልዩም ቁልፎቹ አጥፉለትና ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ቴክስት ቱ ስፒች አውትፑት ውስጥ ይግባ (ሳምሰንግ ላይ ጄነራል ማኔጅመንት ውስጥ ነው)። እዚያ የናሙና ድምፅ ማጫወቻ አለ። ናሙናው ከተናገረ ኢንጂኑ ደህና ነው፤ ቶክባክን አፕዴት ማድረግ ወይም ፎርስ ስቶፕ ብሎ እንደገና ማብራት ያስፈልጋል። ናሙናውም ዝም ካለ ጥፋቱ የኢንጂኑ ነው፤ ፕሪፈርድ ኢንጂን የሚለው ላይ የጉግሉን ይምረጥላችሁ።

ድምፁ ደህና ሆኖ ቆይቶ በየመሀሉ የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ባትሪ ቆጣቢው ወይም ስልኩ ላይ ያለው የማጽጃ አፕ ነው። ራማቸው 2 ጊጋ በሆነ ስልኮች ላይ በተለይ ይህ ይበዛል። ማጽጃው ከጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ሲዘጋ ኢንጂኑንም አብሮ ይዘጋዋል። የቶክባክንም የኢንጂኑንም የባትሪ ሴቲንግ አንሪስትሪክትድ አድርጉ፤ ማጽጃ አፑን ደግሞ አትጠቀሙበት።

እንግሊዝኛውን ያነባል፣ አማርኛው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል

የላኪው ስም ይነበባል፣ ሰዓቱ ይነበባል፣ መልእክቱ ግን ባዶ እንደሆነ ይታለፋል። መልእክቱ አለ፤ የተመረጠው ድምፅ ግን የግዕዝ ፊደል አያውቅም።

አማርኛ የሚያነብ፣ ነፃ የሆነና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ኢንጂን ኢ-ስፒክ ኤንጂ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ በስሙ ፈልጉት፤ ካጣችሁት ኤፍ-ድሮይድ በሚባለው የነፃ አፖች መደብር ላይ ፈልጉ። ከጫናችሁ በኋላ መጀመሪያ አፑን አንድ ጊዜ ክፈቱትና የድምፅ ፋይሎቹን አዘጋጅቶ እስኪጨርስ ጠብቁ። ይህን ደረጃ ዘሎ ኢንጂኑን መምረጥ ነው ብዙውን ሰው ዝምታ ውስጥ የሚከተው። ቀጥሎ ቴክስት ቱ ስፒች አውትፑት ውስጥ ገብታችሁ ፕሪፈርድ ኢንጂን ላይ ኢ-ስፒክን ምረጡ። ኢንጂኑ የሚነገረውን ጽሑፍ ሁሉ ሊያገኝ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ መልእክት ይመጣል፤ ለማንኛውም ኢንጂን የሚመጣ ነው፣ ኦኬ በሉት። በመጨረሻ ላንጉዌጅ ላይ አማርኛን ምረጡ። የአማርኛው ድምፅ በላቲን የተጻፈ ሲያጋጥመው ወደ እንግሊዝኛ አነባበብ ስለሚዞር ሁለቱ የተቀላቀሉበት ጽሑፍም አይቋረጥም።

ድምፁ ብረት ብረት ይላል፤ እውነት ነው። ከሰው ድምፅ የተቀዳ ሳይሆን በስሌት የሚፈጠር ስለሆነ ነው። በዚያው ምክንያት ግን ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ቶሎ ይመልሳል፣ ፍጥነቱ በጣም ሲጨመርም ቃሉ አይድበሰበስም። በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ቆርጣችሁ አታጥፉት፤ ጆሮ ይለምደዋል።

አንድ ወጥመድ አለ። የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ መቀየር የአማርኛ ድምፅ አይሰጥም፤ የሚቀይረው የሜኑዎቹን ጽሑፍ ነው። አማርኛ የማያውቅ ኢንጂን ተመርጦ ሳለ የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ ከቀየራችሁት ሜኑው በሙሉ ግዕዝ ይሆንና ስልኩ ከላይ እስከ ታች ጸጥ ይላል፤ ወደ ሴቲንግ ተመልሶ ለማስተካከል እንኳ የሚሰማ ነገር አይኖርም። ሁልጊዜ ድምፁ ይቅደም፣ የስልኩ ቋንቋ ይከተል። ገብታችሁበት ከሆነ ቶክባክን አጥፍታችሁ ለሚያይ ሰው ስጡና ቋንቋውን መልሶ እንግሊዝኛ ያድርግላችሁ።

የሚጠብቀውን ቃል አላልቶ፣ የሚላላውን አጥብቆ ቢያነብ ሴቲንግ አትፈልጉ። ጽሑፋችን ላይ መጥበቅ ምልክት ስለሌለው ኢንጂኑ ይገምታል። ስም ወይም ሒሳብ ነክ ነገር ሲሆን ግን በፊደል በፊደል አንብቡት፦ በሦስት ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየሳባችሁ «ካራክተርስ» እስኪል ሂዱ፣ ከዚያ በአንድ ጣት ወደ ታች በሳባችሁ ቁጥር አንድ ፊደል ይናገራል። ስትጨርሱ ወደ «ዲፎልት» መልሱት፤ አለዚያ በኋላ ወደ ታች ስትስቡ ፊደል መቁጠሩን ይቀጥልና ስልኩ የተበላሸ ይመስላችኋል።

ፒዲኤፉ ትርጉም የለሽ ነገር ያነባል፣ ወይም ባዶ ነው ይላል

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነገር የሚያነብ ከሆነ ሰነዱ የተጻፈው በዩኒኮድ (በሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ላይ አንድ በሆነው የፊደላት ኮድ) ሳይሆን በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ስለው ነበር የሚያሳዩት፤ እስከ ዛሬ በእነሱ የሚጽፉ ቢሮዎችና ማተሚያ ቤቶች አሉ። ለሚያይ ሰው አማርኛ ነው፤ ለቶክባክ ግን ከስሩ ያለው ላቲኑ ነው። ላኪውን በዩኒኮድ ፎንት፣ ለምሳሌ በኒያላ፣ ተጽፎ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። ነባሩን ሰነድ ፎንቱን ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ጽሑፉ ራሱ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

ባዶ የሚል ከሆነ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው። ፋይሉን ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኑና ኮምፒውተር ላይ በጉግል ዶክስ ክፈቱት፤ ከፎቶው ጽሑፉን አውጥቶ ይሰጣችኋል። ገጹ ቀጥ ብሎ፣ በጥሩ ብርሃን የተነሳ ከሆነ ብዙው ይነበባል። ቁጥሮችን ግን ሳታረጋግጡ አትመኑ።

ይናገራል፣ ግን አይከፍትም፣ አይወርድም

አንድ ጊዜ መንካት ያነባል፣ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መታ መታ ማድረግ ይከፍታል፣ ዝርዝሩ የሚወርደው በሁለት ጣት ሲሳብ ነው። ይህን እያወቃችሁ እንቢ ካለ ወፍራም የስክሪን መስታወት፣ ላብ ወይም ቅባት ይኖራል። ሁለተኛውን መታ ሲያስቀሩ እንደ አንድ መንካት ይቆጠራል። ሁለቱን ምቶች የግድ ነገሩ ላይ ማሳረፍ አያስፈልግም፤ ስሙን ከሰማችሁ በኋላ ስክሪኑ ላይ የትም ቦታ ይሁን።

ስልክ ሲደወል አረንጓዴውን ቁልፍ ፍለጋ አትድከሙ፤ በሁለት ጣት ሁለት ጊዜ መታ ማድረግ ያነሳል፣ ይዘጋልም። በጥሪ መሀል ስክሪኑ አልመለስ ካለ፣ ጆሮ አካባቢ ያለውን ሴንሰር የስክሪን መስታወቱ ሸፍኖት ይሆናል። አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ፓወር ቁልፍ ጥሪ እንዲዘጋ የሚያደርገውን አብሩ።

ስልኩ ይናገራል፣ የሚያይ ሰው ግን «ስክሪኑ ሞቷል» ይላል

ከመደንገጣችሁ በፊት፦ የቶክባክ ሜኑ ውስጥ ስክሪኑን የሚደብቅ ምርጫ አለ። ባትሪ ለመቆጠብና ከአጠገብ ያለ ሰው እንዳያነብ ጥሩ ነው፤ በስህተት ከተነካ ግን ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ሜኑውን ከፍታችሁ «ሾው ስክሪን» በሉ፣ ወይም ቶክባክን አጥፉና ይታይ። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ስክሪን እንዳይቀየርባችሁ። አይፎን ላይም ተመሳሳዩ አለ፦ በሦስት ጣት ሦስት ጊዜ መታ ሲደረግ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ በሦስት ጣት ሁለት ጊዜ ሲሆን ቮይስኦቨር (የአይፎኑ ስክሪን አንባቢ) ዝም ይላል። ያንኑ መድገም ይመልሰዋል።

*804# ወይም የቴሌብሩ *127# መሀል ላይ ይዘጋል

ኔትወርኩ መልስ የሚጠብቀው ለአጭር ጊዜ ነው። ቶክባክ ዝርዝሩን ከ1 እስከ 8 አንብቦ እስኪጨርስ፣ እናንተ የመጻፊያውን ቦታ እስክታገኙ ጊዜው ያልፋል። መጀመሪያ የንግግሩን ፍጥነት ጨምሩ። የምትፈልጉት ቁጥር ሲነበብ የቀረውን አትጠብቁ፤ በሁለት ጣት አንድ ጊዜ መታ ካደረጋችሁ ንባቡ ይቆማል፣ ወዲያው ወደ ቀኝ እየሳባችሁ መጻፊያው ላይ ድረሱ። የምትልኩበትን ስልክ ቁጥርና የብሩን መጠን ቀድማችሁ በቃል ያዙ። ሁልጊዜ የምትደውሉትን ኮድ እንደ ሰው ስም ኮንታክት ላይ መዝግቡት፤ «ቀሪ ሒሳብ» ብላችሁ *804#ን ብታስቀምጡ መደወል ብቻ ይሆናል።

ፒን ግን ከኮዱ ጋር አያይዛችሁ በፍጹም አትደውሉ። የደወላችሁት ኮድ ሙሉው የጥሪ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስልኩን የያዘ ሁሉ ያየዋል።

የባንኩ አፕ ላይ የፒን ቁልፎቹ አይነበቡም

አንዳንድ አፖች ቁጥሮቹን በከፈቷቸው ቁጥር ቦታ ያቀያይሯቸዋል፤ እነዚህ ይነበባሉ፣ በለመዱት ቦታ መጫን ግን ያሳስታል፤ እየዳሰሱ ሰምቶ መጫን ነው። ሌሎቹ ቁልፎቹን እንደ ሥዕል ብቻ ስለሚያስቀምጧቸው ለቶክባክ የሚነበብ ነገር የለም። ይህን በሴቲንግ ማስተካከል አይቻልም። ለዚያ ባንክ በኮድ ተጠቀሙ፣ ንግድ ባንክ ከሆነ *889# አለ፤ ለባንኩም በጽሑፍ አመልክቱ፣ የትኛው ገጽ ላይ የትኛው ቁልፍ እንደማይነበብ ለይታችሁ። የምትጽፉት ፒን ጮክ ብሎ እንዳይነበብ ቶክባክ ሴቲንግ ውስጥ ፓስዎርድ መናገሩን አጥፉ፣ ሰው መሀል ደግሞ በማዳመጫ ይሁን።

በሌሎች አፖች «አንሌብልድ በተን» ብቻ የሚል ቁልፍ ካጋጠማችሁ አንድ ጊዜ ሞክራችሁ ሥራውን ካወቃችሁ በኋላ ቁልፉ ላይ ሆናችሁ የቶክባክ ሜኑውን ክፈቱ፤ ሌብል መጨመሪያ ካለው የራሳችሁን ስም ስጡት። አፑ አፕዴት ሲደረግ ስሙ ሊጠፋ ይችላል።

ከቴሌግራም የወረደ ስክሪን ሪደር አልበራ ይላል

ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ከስቶር ውጪ በኤፒኬ (በአፕ መጫኛ ፋይል) የተጫነ አፕ የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ ሲጠይቅ «ሪስትሪክትድ ሴቲንግ» ይላል። የአፑ አፕ ኢንፎ ውስጥ ገብታችሁ ከላይ በቀኝ ባለው ሞር ኦፕሽንስ ላይ «አላው ሪስትሪክትድ ሴቲንግስ» ስትሉ ይከፈታል። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ይህን እወቁ፦ የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ ያለው አፕ ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነባል፣ በእናንተ ፈንታም ቁልፍ ይጫናል። ቴሌብርና የባንክ አፕ ባለበት ስልክ ላይ ምንጩ ያልታወቀ ኤፒኬ ይህን ፈቃድ ማግኘት የለበትም። ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ራሱ ካላወረዳችሁት አጥፉት፤ አክሰሲቢሊቲ ውስጥም ሌላ የማታውቁት አገልግሎት በርቶ ከሆነ አሁኑኑ አጥፉና ፒናችሁን ቀይሩ።