ራስን ከሌሎች ጋር ማነጻጸር ላስቸገራችሁ

ራስን ከሌላው ጋር ማነጻጸር የክፉ ልብ ምልክት አይደለም፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ ሰው ችሎታውን የሚለካበት ተጨባጭ መስፈሪያ ሲያጣ እሱን የሚመስሉትን ሰዎች መለኪያ ያደርጋል። ስለዚህ «ሁለተኛ አላነጻጽርም» ብሎ ከመማል ይልቅ ለራስ ሌላ መስፈሪያ ማበጀት ይሻላል።

አንድ ደብተር ያዙና በየወሩ መጨረሻ፣ አምና በዚሁ ወር ያልነበራችሁን ወይም የማትችሉትን፣ ዘንድሮ ግን የደረሳችሁበትን አንድ ነገር ብቻ ከነቀኑ ጻፉ፤ የተከፈለ ዕዳ፣ የተጠናቀቀ ኮርስ ወይም በዕቁብ የተጠራቀመ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። አብሮ አደግ ጓደኛ ኮንዶሚኒየም ገዛ ሲባል ሆድ የሚብሰው (ያልባሰው ካለ እጁን ያውጣ)፣ ቤቱን እንጂ የባንክ ብድሩን፣ ከውጭ አገር የምትልክለትን እህቱንና ያጣውን እንቅልፍ ስለማናይ ነው፤ የራሳችንን ጓዳ ግን አንድም ሳይቀር እናውቀዋለን።

የአንድን ሰው ፎቶ ባያችሁ ቁጥር ቅስማችሁ የሚሰበር ከሆነም፣ ፌስቡክ ላይ ጓደኝነቱን ሳታፈርሱ የሚለጥፈው ብቻ እንዳይመጣባችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለሰውየውም ይህን ማድረጋችሁን የሚነግር መልእክት አይደርሰውም።