ዳውን ሲንድሮም ላለባቸው ልጆችና ቤተሰቦቻቸው የሰፈር ድግስ እንዴት እናዘጋጅ?

እንደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ባለ ከአዲስ አበባ ዳር ያለ ሰፈር ይህን ድግስ ለመደገስ ብዙ ብር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እግር ነው።

መጀመሪያ ቀን ቁረጡ። የዓለም የዳውን ሲንድሮም ቀን መጋቢት 12 ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 21። ዳውን ሲንድሮም የሚመጣው በሰውነት ሴል ውስጥ የዘር መረጃ ከሚይዙት ክሮሞዞሞች 21ኛው ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሲሆን ነው። የፈረንጆቹ ሦስተኛው ወር፣ 21ኛው ቀን የተመረጠውም ለዚህ ነው። የሥራ ቀን ከሆነባችሁ ወደ እሁድ ግፉት። መጋቢት 12 ሁሌም ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል የጾም ምግብ አስቡ።

ለቦታ የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ይበቃል። ከሌለ የእድሩን ድንኳንና ወንበር ለምኑ። ድንገት ሮጠው የሚወጡ ልጆች ስላሉ በሩ ላይ አንድ ሰው ይቁም።

ከባዱ ጥሪው ነው። ልጇን ደብቃ የምታሳድግ እናት በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይታ አትመጣም። «እርግማን ነው» ሲባል ሰምታለች፤ ምን አጥፍቼ ነው እያለች ራሷን ስትጠይቅ ኖራለች። ማንም ያጠፋው ነገር የለም፤ እሱን ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ ንገሯት። የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም መልእክት ታደርስላችኋለች። ስትሄዱ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አንድ ቤት ሳንኳኳ ሴትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ «እዚህ እንደዚህ ያለ ልጅ የለም» አለችኝ። ልጄ በክፍተቱ እጇን አሾልካ ቀሚሷን ያዘች። ከጓዳ የትንሽ ነጠላ ጫማ ኮቴ ተሰማ። ሴትየዋ ዝም አለች። ቆይታ «ግቡ» አለችን።

አባቶችን ለይታችሁ ጥሩ። እህትና ወንድሞችም አይቅሩ።

የድምፅ ማጉያውን ቀንሱት፤ ብዙዎቹ ልጆች የጆሮ ችግር አለባቸው። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ ስለዚህ ጨዋታ ላይ ደከመኝ ያለ ይረፍ፣ አታስገድዱት። የአንገት አጥንታቸው መጋጠሚያ ሊላላ ስለሚችል መገለባበጥና ዝላይ ይቅር። ቆሎና ፈንዲሻ ለትልልቆቹ ይሁን፤ ትን የሚላቸው አሉ። ለልጆቹ ለስላሳ ዳቦ፣ ድንች ወጥና ሙዝ ይሻላል። በዓለም ዙሪያ በዚህ ቀን ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ካልሲ ይደረጋል፤ ልጆቹ በጣም ይወዱታል፣ ወጪም የለውም።

አደራ የምለው ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራ ስጡት። አንዷ ዳቦ ታድል፣ አንዱ እጅ ያስታጥብ። እኛ ጋ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ጆጉን በሁለት እጁ ይዞ ሲያስታጥብ ውሃው በቀጭኑ ነበር የሚወርደው። አንዲት እናት ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። የእድሩ ዳኛ «ተይው፣ ልጄ ያስታጥበኝ» ብለው እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁት። ሰልፉ ረዘመ፤ የተቆጣ ግን አልነበረም።

ንግግር አታብዙ፤ አንዲት እናት አምስት ደቂቃ ብትናገር ይበቃል። ዋናው ወሬ ቡናው ላይ ነው። የትኛው ትምህርት ቤት ልጆቹን እንደሚቀበል፣ ልብ የት እንደሚመረመር እናቶቹ እዚያ ይነጋገራሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ወላጆችን አስፈቅዱ። ሰው ሳይበተን ስልክ ተቀባበሉና የቴሌግራም ግሩፑን እዚያው ክፈቱ።