ጠላን በራስ ምላስ ልክ መጥመቅ

አንዱ ጥቁር፣ ጭሱ አፍንጫ የሚነካና ወፈር ያለ ጠላ ካልቀረበለት ድግስ የተደገሰ አይመስለውም። ሌላው፣ በተለይ የጠርሙስ ቢራ የለመደው ወጣት፣ ፈካ ያለና የጠለለ ፊልተር ጠላ ከነቅዝቃዜው ይፈልጋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጉዳቱ ያለው ጠማቂው የትኛው ሥራ የትኛውን ጣዕም እንዳመጣ ሳያውቅ ሲቀር ነው፤ ያኔ ለማኅበር የተወደደው ጠላ ለፋሲካ አይደገምም። ጣዕሙን የሚወስኑት ዋናዎቹ አራት ነገሮች ናቸው፦ የእንኩሮው (ምጣድ ላይ የሚቆላው እርጥብ ዱቄት) መቆላት፣ የጌሾው መጠንና ቆይታ፣ ጭሱ፣ በመጨረሻም የሚበረዝበት ውሃ።

የሚከተለው መጠን ለባሕር ዳር አየር የተመዛዘነ ነው። 35 ሊትር የሚይዝ ጋን ወይም የምግብ በርሜል ያስፈልጋል፤ ድፍድፉ ሲፈላ ስለሚነሳ ጠበብ ያለ ዕቃ ይገነፍላል። ዳጉሳ 3 ኪሎ፣ ገብስ ወይም በቆሎ 1.5 ኪሎ፣ የገብስ ብቅል 1.3 ኪሎ፣ የጌሾ ቅጠል 300 ግራም፣ የጌሾ እንጨት 350 ግራም፣ ውሃ ለጥንስሱ፣ ለድፍድፉና ለብረዛው በጠቅላላው 20 ሊትር። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ሳይከደን ይደር፤ የክሎሩ ሽታ ይወጣለታል።

ብቅሉን ገበያ ሲገዙ አንዷን ፍሬ ነክሰው ይዩ። ቀጭ ብላ ተሰብራ ጣፋጭነት ካላት ደህና ናት። የሻገተ ወይም እርጥበት እርጥበት የሚል ብቅል በምንም ጌሾ አይድንም። ጌሾ በጣና ሐይቅ ዳር ላለ ሰው የሚያሳስብ አይደለም። በሐይቁ ዳር ባለው በዘጌ በበሬ ማረስ ከጥንት የተከለከለ ስለሆነ የሰው ኑሮ በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው የቆመው። ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ በመዳፍ ሲታሽ ሽታው ቶሎ የሚወጣ ይሁን። ቡናማ ሆኖ የከረመው መራራነቱ ደክሟል፤ በዚያ ላይ የተሠራ ልኬት ሁሉ ያሳስታል።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በሚጨስ ደረቅ የወይራ ፍልጥ ላይ ይደፋል። ለስላሳ ጭስ ለሚወድ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ የጥንቱን ጣዕም ለሚፈልግ ፍልጡ እየተቀየረ እስከ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ባሕር ዛፍ አይሞከርም፤ ዘይቱ ጠላውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። የፕላስቲክ በርሜል አይታጠንም። በርሜል የሚጠቀም ጭስ ካማረው ጠላው ከጠለለ በኋላ በታጠነ እንስራ ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳድረው።

ጥንስሱ፦ የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በ6 ሊትር ውሃ ተዘፍዝፎ ይከደናል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት 2 ቀን ይበቃዋል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እስከ 4 ቀን ይጠብቃል። ከዚያ 500 ግራም የብቅል ዱቄት ይጨመርበታል። ከእህሉ 1 ኪሎው ተፈጭቶ ያልቦካ ቂጣ ይጋገርና ተቆራርሶ አብሮ ይገባል። በሁለት ቀን ውስጥ ላዩ አረፋ ይዞ ሽው ሽው የሚል ድምፅ ካልተሰማ ቀጣዩን አይጨምሩ፤ ያልነቃ ጥንስስ ላይ እንኩሮ መጫን ለኮምጣጣነት በር መክፈት ነው።

አሁን ወደ እንኩሮው። የቀረው 3.5 ኪሎ ዱቄት እጅ ላይ ሲጨበጥ እስኪያያዝ ድረስ ብቻ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ምጣዱ መካከለኛ እሳት ላይ ይሁን፤ ዱቄቱ በትንሽ በትንሹ እየገባ ሳይቋረጥ ይገላበጣል። መጀመሪያ እንፋሎቱ የጥሬ ዱቄት ሽታ አለው። ቀጥሎ የዳቦ ቅርፊት ሽታ ይመጣል፤ መልኩም የዳጉሳው ቅላት ደመቅ ይላል። ፈካ ያለ ጠላ የሚፈልግ እዚህ ላይ ያውርድ። ከዚያ በኋላ ሽታው ወደ ቡና ቁሌት ይሄዳል፣ ጓሉ ሲሰበር ውስጡም እንደ ውጩ ቡናማ ይሆናል። ጥቁር ጠላ ማለት ይህ ነው። ከዚህ ካለፈ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ያኔ የሚገኘው ጥቁረት ሳይሆን ዐመድ ነው። የምጣዱ ዳር ከመሃሉ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ስለሚበስል የሚያታልለው ያልተስተካከለ እሳት ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መቁላት ከአንድ ትልቅ ቁሌት ይሻላል።

ብዙ ሰው ጥቁር ጠላ ይበልጥ ያሰክራል ይላል። ስህተት ነው። ጥንካሬ የሚመጣው ከብቅሉና ከእህሉ ብዛት፣ ከውሃውም ማነስ ነው፤ አብዝቶ መቁላት እንዲያውም ወደ ስኳር ሊለወጥ የሚችለውን ይቀንሳል። በቢራም ያው ነው፦ ጥቁሩ የአየርላንድ ጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ ገደማ አልኮል ነው ያለው፣ ከብዙ ቢጫ ቢራዎች ያነሰ።

እንኩሮው ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ እጅ ሲገባበት ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። ችኮላ እዚህ ላይ ነው ጠላ የሚያበላሸው። የጋለ እንኩሮ እርሾውን ይገድላል፤ የብቅሉንም እህል ወደ ስኳር የመለወጥ ኃይል ያጠፋል። በማግስቱ ድፍድፉ ዝም ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ማዳኛው ከሌላ ከሚፈላ ጥንስስ አንድ ሊትር ለምኖ፣ 200 ግራም ብቅል ጨምሮ እንደገና ማስነሳት ነው።

ድፍድፉ የሚሠራው ጥንስሱ ላይ እንኩሮው፣ የቀረው 800 ግራም ብቅልና 4 ሊትር ውሃ ሲጨመር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በንጹሕ ማማሰያ በቀን አንዴ ይገላበጥ፣ ከዚያ አይነካ። ከ4 እስከ 6 ቀን ይቆያል። የጌሾ እንጨቱ መቼ እንደሚገባ ግን ለጠጪው ምላስ የሚተው ነው። ከድፍድፉ ጋር አብሮ የገባ እንጨት ጠንከር ያለ መራራነት ይሰጣል፤ በብረዛው ዕለት የገባ ደግሞ ሽታውን ሰጥቶ መራራነቱ ቀለል ይላል። ቢራ ጠማቂዎች በሆፕ፣ ማለትም ለቢራ መራራነትና ሽታ በሚሰጠው አበባ፣ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፦ ቀድሞ ገብቶ ለአንድ ሰዓት የተቀቀለ ሆፕ ያመራል፣ በመጨረሻ የተጨመረው ያሸታል። የአሜሪካ ክራፍት (የአነስተኛ ጠማቂዎች) ቢራ ዓመታትን በመራራነት ውድድር ካሳለፈ በኋላ ጉሽ መልክ ወዳለው፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ወደሚለው አይፒኤ (ሆፕ የሚበዛበት የቢራ ዓይነት) የዞረው ሆፑን ወደ ማብቂያው በመግፋት ነው፤ ይህ ዓይነት በ2018 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የቢራ ጠማቂዎች ማኅበር መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ ገብቷል። የጠራ ቢራ ፋሽን ራሱ የመጣው በ1842 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ቼክ ፒልዘን ከተማ ላይ ወርቃማው ቢራ ከተጠመቀ በኋላ ነበር። እኛ ዘንድ ጉሽ ጠላ ሞቶ አያውቅም፤ ፊልተር የለመደ ሰው ጉሹን ንቆ እንዳይተወው እንመክራለን፤ የእህሉ ጣዕም ያለው እዚያ ነው።

በመጨረሻ 10 ሊትር ውሃ ገብቶ ይበረዛል፣ ጋኑ ይታሸጋል፣ ከ2 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ይጠልላል። ጠላ እንዲጠራ ብሎ ውሃ ማብዛት ከንቱ ነው፤ የሚያጠራው ጊዜና ማጥለያ ጨርቅ ነው። በርሜሉ በጥብቅ ከተከደነ አየሩ መውጫ አጥቶ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ክዳኑ ላይ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ጫፉን ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መንከር አየር ያስወጣል፣ አያስገባም። አየር የገባበት ጠላ በቀናት ውስጥ አቼቶ ይሆናል። እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ከሆነ ጥፋቱ የዕቃው ንጽሕና ነው፤ ያንን ዕቃ በፈላ ውሃና በግራዋ ሳያጥቡ አይድገሙበት።

የራስን ምላስ ለማወቅ ድፍድፉ ከመበረዙ በፊት በሦስት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን 3 ሊትር 3 ሊትር ይቀዳል፤ በርሜሉ የሚበረዝበት ውሃ በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንጨቱ ለዚህ ሙከራ ከድፍድፉ ጋር መግባት የለበትም። በመጀመሪያው 30 ግራም እንጨት፣ በሁለተኛው 60 ግራም ይግባ። በሦስተኛው 30 ግራም እንጨትና አንድ እፍኝ አጥቁሮ የተቆላ እንኩሮ ይጨመር። ሁሉም እኩል 1.5 ሊትር ውሃ ይበረዙ፣ ክዳናቸው ላላ ይበል። በአራተኛው ቀን ምግብ ሳይቀርብ፣ በተመሳሳይ ብርጭቆ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ለጠጪዎቹ ሳይነገር ይቀመስ፤ በርበሬ የነካው ምላስ መራራነትን በደንብ አይለይም። የጌሾ መራራነት ከምላስ ሥር ይቀመጥና ምራቅ ያመጣል፤ ያረረ እንኩሮ ግን አፍ ያደርቃል፣ ጉሮሮን ይከረክራል። ሁለቱን ያልለየ ሰው ያረረውን በጌሾ ቅነሳ ሊያስተካክል ይደክማል። በአንድ ጥምቅ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ቀኑ፣ ክብደቱና እንኩሮው የወረደበት መልክ ደብተር ላይ ይጻፍ።

የጠለለው ጠላ በሙቀቱ ወራት በሦስት በአራት ቀን ይጠጣ፣ ከዚያ ወዲያ ኮምጣጣነቱ ይቀድማል። በቀረው ድፍድፍ ላይ 6 ሊትር ውሃ ተጨምሮ አንድ ቀን ካደረ ቅራሪ ይወጣዋል፤ አተላው ለከብት ነው።