ጉድዊልን ለልብስ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ሥልጠናም እንዴት እንጠቀምበት?

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ ያገለገሉ ልብሶችና ዕቃዎች የሚሸጠውን ጉድዊልን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን ለክረምት ጃኬትና ለቤት ዕቃ ነው። ሱቁ የቆመው ለሌላ ዓላማ ነው። በ1902 ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ ቦስተን ውስጥ ከሀብታም ሰፈሮች አሮጌ ልብስና ዕቃ እየሰበሰበ፣ ሥራ ያጡ ድሆችንና ስደተኞችን ዕቃውን እንዲጠግኑ ቀጠረ፤ ደመወዛቸውን ከሽያጩ ከፈለ። አሁንም ከሱቁ የሚገኘው ገቢ የሥራ ሥልጠናውን ወጪ ይደግፋል፤ ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይከፍልም። አዲስ የገቡ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ለአጭር ኮርስ ብዙ ገንዘብ ለግል ማሠልጠኛ መክፈላቸው ያሳዝናል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ጉድዊል አንድ ድርጅት አለመሆኑ ነው። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ወደ 150 የሚሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አመራር ያላቸው ድርጅቶች በዚህ ስም ይሠራሉ። ስለዚህ ሲያትል ያለ ዘመድ «ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት አገኘሁ» ቢልዎ፣ ዳላስ ላይ ያው ይኖራል ማለት አይደለም። ጉድዊል ዶት ኦርግ ላይ የሰፈርዎን ዚፕ ኮድ ያስገቡና ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ሱቁን ሳይሆን «ኬሪየር ሴንተር» (የሥራ ፍለጋ ማዕከል) ወይም «ጆብ ትሬኒንግ» (የሥራ ሥልጠና) የሚለውን ይምረጡ። ሱቅ ገብተው ካሸሯን ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ አታውቅም፤ ብዙ ሰው «የለም ተባልኩ» ብሎ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

ሲደውሉ አራት ነገር ይጠይቁ፦ ቀጣዩ ዙር መቼ ይጀምራል? ሰዓቱ የቀን ነው የማታ? የእንግሊዝኛ መግቢያ ፈተና አለው? መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን ሰርተፊኬት የሚያወጣው ማነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አይዝለሉት። «ኮርሱን ተከታትሏል» የሚል ወረቀት ለቀጣሪ ብዙም አይናገርም። ሰርቭሴፍ ለምግብ ቤት ሥራ፣ ኮምፕቲያ ለኮምፒውተር ጥገና፣ የጉግል ሰርተፊኬት ለአይቲ ጀማሪ ግን ቀጣሪው ስማቸውን አስቀድሞ የሚያውቃቸው ናቸው። ሁለት ኮርስ ከቀረበልዎ፣ አጭር ቢሆንም እንዲህ ያለ ሰርተፊኬት ያለውን ይምረጡ።

ወረቀትዎን ከምዝገባው በፊት ያስተካክሉ። ሥራ ለመቀጠር ግሪን ካርድ ወይም ጊዜው ያላለፈበት የሥራ ፈቃድ ብቻውን ይበቃል፤ አለዚያ የስቴት መታወቂያና ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ አንድ ላይ ይቀርባሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ «ቫሊድ ፎር ወርክ ኦንሊ ዊዝ ዲኤችኤስ ኦቶራይዜሽን» (ለሥራ የሚያገለግለው ከሥራ ፈቃድ ጋር ብቻ ነው) የሚል ጽሑፍ ካለ ግን ለዚህ አይሆንም፤ የሥራ ፈቃዱን ይዘው ይቅረቡ። ግሪን ካርድ ካገኙ በኋላም ያው አሮጌ ካርድ እጅዎ ላይ ካለ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደው ጽሑፉ የሌለበትን ያለ ክፍያ ያስቀይሩ። ሥራ ሲያገኙ ቀጣሪው የመሥራት ፈቃድ እንዳለዎ የሚረጋገጥበትን፣ አይ-9 የተባለውን ቅጽ ያስሞላዎታል፤ የእርስዎ ክፍል እስከ መጀመሪያው የሥራ ቀን ድረስ፣ የቀጣሪው ክፍል ደግሞ ሥራ ከጀመሩ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ሕጉ ከሚቀበላቸው ሰነዶች የትኛውን እንደሚያቀርቡ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት እንጂ ቀጣሪው አይደለም።

የእኛን ሰው በተለይ የሚያሰናክሉት ግን ስምና ዘመን ናቸው። አንዱ ቅጽ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም «ላስት ኔም» ሆኖ ሲጻፍ ሲስተሙ ሁለት ሰው አድርጎ ያየዎታል። ማመልከቻውም፣ ሪዙሜውም፣ ሰርተፊኬቱም ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፉ፤ «ሀይሉ» በእንግሊዝኛ አንድ ቦታ በአይ፣ ሌላ ቦታ በዋይ ከተጻፈ እንኳ ችግር ያመጣል። ዘመኑን ሲቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለሆነ ቀን 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ይደምሩ። ኅዳር 2005 ሥራ ጀምረው ሐምሌ 2005 ከለቀቁ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ኅዳር 2012 ጀምረው ሐምሌ 2013 ለቀቁ ማለት ነው። ሁሉም ላይ 7 ከደመሩ ገና ሥራ ሳይጀምሩ የለቀቁ ያስመስልዎታል። ቀጠሮ ሲሰጥዎም 9 ኤኤም ማለት የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት መሆኑን ቤት ላለ ሁሉ ይንገሩ።

ኬሪየር ሴንተሩ ውስጥ ሪዙሜዎን አብሮዎት የሚሠራ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ይመደባል። ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ የሠሩባቸውን ቦታዎች በአማርኛም ቢሆን ጽፈው ይውሰዱ። ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ እዚህ አገር ሪዙሜ ላይ አይገቡም። «ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ» ከማለት ይልቅ «በአንድ ፈረቃ 12 ጠረጴዛ አስተናግዳለሁ፤ ሒሳብ እዘጋለሁ፤ አዳዲስ አስተናጋጆችን አለማምዳለሁ» ቢሉ ባለሙያው የሚጽፈው ነገር ያገኛል። ብዙ እናቶች መርካቶ ወይም ሰፈር ውስጥ የነበራቸውን ሱቅ «ሥራ አይደለም» ብለው ይተዉታል። ዕቃ ማዘዝ፣ ዱቤ መያዝ፣ ከጅምላ ሻጭ ጋር ዋጋ መደራደር ካሸርና የመጋዘን ሥራ ለሚያመለክት ሰው ትልቅ ልምድ ነው፤ ይጻፍ።

ኮምፒውተር ያልለመደ ሰው ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ቤቱ ይለማመድ፤ ማመልከቻው ራሱ ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት ነውና። ከኖርዝ ካሮላይና ጉድዊል የተነሳው ጂሲኤፍ ግሎባል መተየብን፣ ኢሜይልንና ኤክሴልን በኢንተርኔት በነጻ ያስተምራል።

ሁለተኛ ደረጃን ላላጠናቀቀ፣ ዲሲ ውስጥ በ2016 የተከፈተው ጉድዊል ኤክሰል ሴንተር አለ። የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ነው፤ የሚሰጠውም በፈተና ብቻ የሚገኘው የጂኢዲ ማረጋገጫ ሳይሆን ሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ነው። ነጻ የሚሆነው ግን ለዲሲ ነዋሪ ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው የዘመድ አድራሻ ሰጥቶ እንዳይመዘገብ፤ የነዋሪነት ማስረጃ ይጠየቃል፣ የተሳሳተ አድራሻ መስጠትም በሕግ ያስጠይቃል። የራሱን ካውንቲ የአዋቂዎች ትምህርት ይጠይቅ።

ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ሥራ ለሌላቸውና የቤተሰብ ገቢያቸው ከፌዴራል የድህነት መስመር 125 በመቶ ለማይበልጥ፣ ኤስሲኤስኢፒ የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ። በሳምንት በአማካይ 20 ሰዓት በሕዝብ አገልግሎት ቦታ እየሠሩ ቢያንስ ዝቅተኛው ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ሁሉም ጉድዊል አያካሂደውም፤ በጀቱ ከኮንግረስ ስለሆነ ተራ መጠበቅም ሊኖር ይችላል። ልጆቻቸው ዘንድ መጥተው ቤት ለዋሉ፣ የሥራ ፈቃድ ላላቸው ወላጆች ግን መጠየቁ በጣም ይጠቅማል።

ኢንተርቪው ሲደርስ የልብስ ቫውቸር እንዳለ ባለሙያውን ይጠይቁ። ሱቁ ውስጥ ኮት ሲመርጡ ብብቱን፣ የአንገትጌውን ጠርዝና ዚፑን በብርሃን ይመልከቱ። የብብት ላብ የተወው እድፍ በላውንድሪ ብዙ ጊዜ አይለቅም፤ የረዘመ ሱሪ ግን በቀላሉ ያጥራል።

ልብስ ሲሰጡ ደግሞ የታጠበና በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ልብስ ያለበት አንድ ፌስታል ይሻግትና አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል፤ ማስጣያውን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፣ ያም ከሥልጠናው የሚጎድል ገንዘብ ነው። የሕፃናት የመኪና ወንበር፣ ያገለገለ ፍራሽና ቀለም ብዙ ቦታ አይቀበሉም። ደረሰኙን እዚያው ዕቃውን ሲያስረክቡ ይውሰዱና የሰጡትን አንድ በአንድ ይጻፉበት፤ ሠራተኛው ዋጋ አይተምንልዎትም። የዕቃው ዋጋ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢዎ ላይ የሚቀነሰው ስታንዳርድ ዲደክሽን (ያለ ዝርዝር የሚፈቀደውን ቋሚ ተቀናሽ) ትተው ወጪዎን አንድ በአንድ ከዘረዘሩ ብቻ ነው። በዓመቱ የሰጡት ዕቃ ዋጋ ከ500 ዶላር ካለፈ ፎርም 8283 የተባለው የታክስ ቅጽ መሞላት ስላለበት ዝርዝሩንና ፎቶውን ለታክስ ሠሪዎ ይስጡ።