የድርጅት ዕቃ መከታተያው «አልሰራም» ሲላችሁ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የኮንትራክተር ንብረት ክፍል ውስጥ የሰራ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። አንድ ግራይንደር ይጠፋል። አለቃ ይቆጣል። በማግስቱ አንድ ካርቶን ሙሉ ጂፒኤስ ተገዝቶ ይመጣል፣ ለኤክስካቫተሩም ለድሪሉም ያው አንድ ዓይነት። ትንሽ ቆይቶ ግማሹ ካርታው ላይ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። «ፎርጅድ ሸጡልን» ይባላል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ፎርጅድ አይደለም። የማይሆነው ዕቃ ላይ ተገጥሞ ነው። ስለዚህ የታች የታቹን ስታነቡ ሁለት ጥያቄ ያዙ። ዕቃው የራሱ ባትሪ አለው ወይ? የምትፈሩትስ ምንድን ነው፣ መሰረቁን፣ ሳይት ላይ ተረስቶ መቅረቱን፣ ወይስ ሳታውቁ መሰራቱን? የአብዛኛው ብልሽት መነሻ እነዚህን ሳይመልሱ መግዛት ነው።

«ኦፍላይን» ብሎ ቀረ

መከታተያውን ለመንቀል አትቸኩሉ። ውስጡ ያለውን ሲም ቁጥር ደውሉለት። ከጠራ ኃይልም ኔትወርክም አለው፣ የጎደለው ዳታ ነው። ማግኘት አይቻልም ካለ ደግሞ ወይ ኃይል የለውም፣ ወይ ኔትወርክ አይደርሰውም፣ ወይ ሲሙ በፒን ተቆልፏል።

ጠራም አልጠራም ሲሙን አውጥታችሁ ስልክ ውስጥ ክተቱት። ፒን ኮድ ይጠይቃል? አጥፉት፣ መከታተያው ፒን መጻፍ አይችልም። ፓኬጁ አልቋል? ሙሉለት። መከታተያ ብዙ ዳታ አይበላም፣ በአብዛኛው በወር 100 ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። ከጠራና ሲሙ ደህና ከሆነ የቀረው ኤፒኤኑ ነው፣ መከታተያው ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት የኔትወርኩ ስም ማለት ነው። ለኢትዮ ቴሌኮም «ኢቲሲ ዶት ኮም» (etc.com) ነው፣ በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ያለ ምንም ክፍተት። ከቻይና የመጣ መከታተያ ኤፒኤኑ ባዶ ሆኖ ወይም የሌላ አገር ተጽፎበት ሊመጣ ይችላል፣ በኤስኤምኤስ ትዕዛዝ ይቀየራል። ትዕዛዙ መመሪያው ወረቀት ላይ አለ። ወረቀቱን የጣላችሁት ሻጩን ጠይቁ።

ስትከፍቱት ሲሙ ጭራሽ የለም? ይሄም ያጋጥማል። ዳታ የተሞላ ሲም ለሚያየው ሰው ፈተና ነው። ሽፋኑን በሲሊኮን አሽጉት፣ ፓኬጁንም አነስተኛ አድርጉት። ሌላም አለ፦ ሲሞቹን በስቶር ኪፐሩ ስም አታውጡ። ሰውዬው ስራ ቀይሮ ሲሄድ ምትክ ሲም ለማውጣት የእሱ መታወቂያ ይፈለጋል፣ ያኔ ጣጣው ብዙ ነው። በድርጅቱ ስም ይውጣ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ልኮላችሁ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ኤቲ ኤንድ ቲ 2ጂን የዘጋው በ2017 በፈረንጆቹ ነው፣ ስለዚህ አሁን የሚሸጡት መከታተያዎች በብዛት 4ጂ ብቻ ናቸው። አንዳንዱማ ከአምራቹ ሲም ውጪ አይቀበልም፣ ወርሃዊ ክፍያም አለው። አንዳንዱ ደግሞ ኤልቲኢ ኤም በሚባል ለዕቃዎች በተለየ የ4ጂ ዓይነት ነው የሚሰራው፣ ኔትወርኩ ያንን ካልሰጠ ተራ 4ጂ ቢኖርም አይነቃም። ለኛ የሚሻለው 2ጂም 4ጂም ያለው፣ 900 እና 1800 ሜጋኸርዝ የሚቀበል ነው። ከከተማ ርቆ መንገድ ስራ ላይ ያለ ሎደር የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ያቺን 2ጂ ነው። ከውጭ ስታስመጡ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ እንዳለውም ሻጩን ጠይቁ፣ ጉምሩክ ላይ ከመያዝ ይሻላል።

ኤክስካቫተሩ ባህር ውስጥ ገባ

ካርታው ዕቃችሁን ከጋና በታች አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ካስቀመጠው አትደንግጡ። ያ ቦታ ዜሮ ኬንትሮስና ዜሮ ኬክሮስ የሚገናኙበት ነው። መከታተያው ሳተላይት ገና አላገኘም፣ ቦታ ሲጠየቅ ዜሮ ነው የሚልከው። ሜዳ ላይ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ታገሱት።

ሜዳ ላይ ሆኖም ካላገኘ አገጣጠሙን እዩ። ጂፒኤስ ሰማይ ማየት አለበት። ፕላስቲክና ፋይበር አያግደውም፣ ብረት ግን ያግደዋል። ባለሙያው ተደብቆልኛል ብሎ በጄኔሬተሩ የብረት ሽፋን ውስጥ ከሞተሩ ጎን ካሰረው ሰማዩንም ከልክሎታል፣ በሙቀትም እየጠበሰው ነው። ከፕላስቲክ ክፍል ስር፣ አንቴናው ያለበት ፊት ወደ ላይ ሆኖ ይታሰር።

ማታ ማታ ኮንቴነር ውስጥ ሲገባ ይጠፋል የሚለው ቅሬታ ግን ብልሽት አይደለም። ኮንቴነሩ የብረት ሳጥን ነው፣ ውስጡ ሲግናል አይኖርም። እናንተ የምትፈልጉት ከኮንቴነሩ ሲወጣ ማወቅ ነው። እንቅስቃሴ ሲሰማው የሚነቃ ዓይነት ግዙ፣ በሩ ተከፍቶ ዕቃው ሲወጣ ራሱ ይናገራል።

የቆመ ሚክሰር 60 ሜትር ዘለለ

ሲግናሉ ከፎቅና ከቆርቆሮ እየነጠረ ነው። አጥሩን፣ ዕቃው ሲያልፈው ማንቂያ የሚልከውን የካርታ መስመር፣ በሳይቱ ልክ ካሰመራችሁት ሌሊቱን ሙሉ «ወጣ፣ ገባ» እያለ ያስለቅሳችኋል። ከዚያ ሰው ማንቂያውን ያጠፋዋል፣ ዕቃው እውነት የወጣ ቀን የሚሰማ የለም። አጥሩን ወደ 200 ሜትር አስፉት።

ሪፖርቱ «ሌሊት ሰርቷል» ይላል፣ ጥበቃው ይምላል

ይሄኛው ሰው ከስራ ያስባርራል፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ሪፖርቱ ጄኔሬተሩ 23:00 ላይ ተነሳ ይላል፣ ማለትም ከምሽቱ 5 ሰዓት። ጥበቃው ይጠራል፣ ናፍጣ ሸጠሃል ይባላል። ሰውዬው ወላሂ ይላል፣ ማርያምን ይላል፣ ማን ይስማው።

መከታተያው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ በቻይና ሰዓት ነው ያለው። የቻይና ሰዓት ከኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። 23:00 የተባለው እዚህ 18:00 ነው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት። ኮንክሪት ሙሌት እየተጨረሰ፣ ፎርማኑም ሰራተኛውም እዚያው ነበሩ።

ተቃራኒውም አለ፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። ሪፖርቱ 02:00 ይላል፣ ስቶር ኪፐሩ በለመደው አነበበና «ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ የስራ መግቢያ» ብሎ አለፈው። በፈረንጅ ሰዓት 02:00 ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እውነተኛው ሌባ በዚህ ቀዳዳ ያልፋል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መከታተያውን ራሱን በዜሮ (በግሪንዊች ሰዓት) አስቀምጡት፣ ካርታውንና ሪፖርቱን የምታዩበት ፕላትፎርም ላይ ደግሞ +3 (የኛን ሰዓት) አድርጉ። ሁለቱም ላይ +3 ካደረጋችሁ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደፊት ይሮጣል። ከዚያ ሰዓታችሁን እያያችሁ ጄኔሬተሩን አስነሱና ሪፖርቱ ላይ የወጣውን አስተያዩ። የሪፖርቱ ራስጌ ላይም «በፈረንጅ ሰዓት» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ይህን ሳታጣሩ ማንንም አትክሰሱ።

ሞተሩ ሳይነሳ «ሰርቷል» የሚልም አለ። መከታተያው የሚያየው ንዝረትን ብቻ ከሆነ አጠገቡ ያለ ኮምፓክተር ሲሰራም የሱን ይቆጥራል። በባትሪው ቮልቴጅ እንዲያውቅ አድርጉት። የ12 ቮልት ባትሪ ሲያርፍ 12.6 አካባቢ ነው፣ ሞተሩ ሲነሳና ሲሞላ ከ13.5 በላይ ይወጣል። ገደቡን 13.2 ላይ ብታደርጉት ይለያችኋል። ለ24 ቮልት ማሽን እጥፍ ነው።

መከታተያው ደህና ነው፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ

ከባትሪው ጋር በሽቦ የተገናኘ መከታተያ ሞተሩ ቢቆምም መብላቱን አያቆምም። ሒሳቡን እዩት። ቆሞ እያለ 30 ሚሊአምፒር ቢወስድ በወር 22 አምፒር ሰዓት ገደማ ነው። ባትሪው ባለ 60 ከሆነ ከሲሶው በላይ ሄደ፣ ባትሪው ያረጀ ከሆነማ በቃ። መብራት የጠፋ ቀን ጄኔሬተሩን ልታስነሱ ስትሉ «ጢክ» ብሎ ይቀራል፣ ኤሌክትሪሺያኑም ባትሪ ይቀየር ይላችኋል። አዲሱም ከሁለት ወር በኋላ ያው ይሆናል።

በየቀኑ ለሚሰራ ሎደር ይሄ ችግር አይደለም፣ ሞተሩ መልሶ ይሞላዋል። ለተጠባባቂ ጄኔሬተር ግን ወይ የእንቅልፍ ሞዱን አብሩ፣ ወይ በሽቦ የሚሰራውን ትታችሁ የራሱ ባትሪ ያለውን ግዙ። ጄኔሬተሩን በየሳምንቱ ትንሽ ማስነሳት ለራሱም ጥሩ ነው። ከባድ ማሽን ላይ ከመግጠማችሁ በፊት መከታተያው ስንት ቮልት እንደሚችል አንብቡ። ትልልቅ ኤክስካቫተር በአብዛኛው 24 ቮልት ነው፣ ለመኪና ብቻ የተሰራ የ12 ቮልት መከታተያ እዚያ ላይ ይቃጠላል። ፊውዝም አትርሱ።

ባትሪው ዓመት ይቆያል ተብሎ በሳምንት አለቀ

ካርቶኑ ላይ ያለው «አንድ ዓመት» በቀን አንዴ ቦታ ሲልክ ነው። እናንተ በየ30 ሴኮንዱ ላክ ብላችሁታል። ቆሞ ለሚውል ዕቃ በቀን ሁለቴ ይበቃል፣ ሲንቀሳቀስ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይላክ። ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ሳይትም ባትሪ ይጨርሳል።

ድሪልና ግራይንደር ላይ የለጠፍነው ታግ ምንም አያሳይም

እዚህ ጋ ነው ብዙ ብር የሚባክነው። ኤርታግ የሚባለው የአፕል ትንሽ የዕቃ መፈለጊያ በ2021 በፈረንጆቹ ሲወጣ ብዙ ሰው ትንሽዬ ጂፒኤስ መሰለው። ጂፒኤስም ሲምም የለውም። በብሉቱዝ «አለሁ» ይላል፣ በአጠገቡ የሚያልፍ አይፎን ይሰማና ቦታውን ለባለቤቱ ያደርሳል። ገላን ወይም ዱከም ያለ ሳይት ላይ ሰራተኛው የያዘው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሳምሰንግ ነው። ታጉ የሚታየው ኢንጂነሩ አይፎኑን ይዞ የመጣ ቀን ብቻ ይሆናል።

ለአንድሮይድ የሚሆን ታግ ይሻላል፣ ጉግልም በ2024 በፈረንጆቹ የራሱን መረብ ከፍቷል። ግን እሱም ጉድለት አለው። አላፊ ስልኮች እንደመጡ ከተተዉ ሰው በሚበዛበት ቦታ ብቻ ነው የሚሳተፉት፣ አንድ ስልክ ብቻውን አይቶት ቦታው አይላክም። ጭር ባለ ሳይት ላይ ዝም ይላል። የሰራተኞቹን ስልክ ሴቲንግ «በሁሉም ቦታ» ላይ ማድረግ ይረዳል፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ።

ለስርቆት ግን ሁለቱም አይሆኑም። ሰው በድብቅ ሰውን እንዳይከታተልበት ተብሎ፣ የማያውቀው ታግ አብሮት ሲሄድ የሌባው ስልክ ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ኤርታግማ ከባለቤቱ ተለይቶ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ሲንቀሳቀስ ይጮሃል። ሌባው ሰምቶ ነቅሎ ይጥለዋል። ታግ ጥሩ የሚሆነው «የት ረሳነው» ለሚለው ነው፣ በተለይ ከቢሮ ሳይት፣ ከሳይት መኪና ለሚመላለስ ዕቃ። ባትሪው ሲአር 2032 የሚባለው ሳንቲም የሚመስል ክብ ባትሪ ነው። ቀይራችሁትም ካልሰራ ሕጻናት እንዳይውጡት መራራ ነገር የተቀባ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ቅቡ ኤርታግ ላይ ንክኪ ሊከለክል ስለሚችል ሌላ ሞክሩ።

ለድሪል፣ ለግራይንደር፣ ለቫይብሬተር የኔ ምርጫ መከታተያ አለመግዛት ነው። ቁጥር የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ፕሌት፣ ኪውአር ኮድ ያለበት፣ በሪቬት የተመታ። የወረቀት ስቲከር ሲሚንቶና ግራሶ በአንድ ወር ይጨርሰዋል። ሲወጣ በስልክ ስካን ይደረጋል፣ ወይም በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ቅጽ) ይፈረማል፣ ማን እንደወሰደው ይታወቃል። መኪናው በር ሲያልፍ ራሱ ይመዝገብ ካላችሁ አርኤፍአይዲ፣ በሬዲዮ ሞገድ ከርቀት የሚነበብ መለያ፣ አለ። ተራው የአርኤፍአይዲ ስቲከር ግን ብረት ላይ ሲለጠፍ አይነበብም፣ ለብረት የተሰራ የሚባለውን ጠይቁ።

ቶታል ስቴሽን፣ የቅየሳ መሳሪያው፣ ለብቻው ይታይ፣ ውድ ነው፣ በእጅም ተይዞ ይሄዳል። መሳሪያውን ከፍቶ ውስጡ መከታተያ መክተት አይታሰብም፣ ልኩ ይበላሻል። ባትሪ ያለው ጂፒኤስ በሳጥኑ ስፖንጅ ስር ይገባል። ሳጥኑ ተገኝቶ መሳሪያው እንዳይጠፋ ደግሞ የሴሪያል ቁጥሩን ከነፎቶው መዝግቡ፣ ፖሊስ ጋ ስትሄዱ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሁሉም ይሰራል፣ ሰራተኛው ግን እየነቀለ ይጥለዋል

ኦፕሬተሩ ማሽኑ ላይ መከታተያ እንዳለ በወሬ ከሰማ የሚሰለለው እሱ ይመስለዋል። ንገሩት። ምን እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያየው በጽሁፍ ስጡት። ሰርቪስ ይዞ ቤቱ የሚሄድ ሰው መኪና ላይ ከሆነማ የሰውየውን እንቅስቃሴ ነው የምትሰበስቡት፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል። ከስራ ሰዓት ውጪ ያለውን ማየት አቁሙ።

ሻጩ ስልክ አያነሳም፣ ፕላትፎርሙም ተዘጋ

መከታተያው ደህና ነው፣ የሚልክበት ሰርቨር ነው የሞተው። የኤስኤምኤስ ፓስወርዱ እጃችሁ ካለ ሰርቨሩን መቀየር ትችላላችሁ፣ ትራካር የሚባለው ክፍት ፕሮግራም ብዙ ዓይነት መከታተያ ይቀበላል። ፓስወርዱ ሻጩ ጋ ከቀረ ግን መከታተያው ከጥቅም ውጪ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ፓስወርዱን ተቀበሉና አንድ ብቻ ገዝታችሁ በጣም ሩቅ የሆነው ሳይታችሁ ላይ፣ በራሳችሁ ማሽን፣ በራሳችሁ ሲም አንድ ወር ፈትኑት። ካርቶኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።