በኒው ኦርሊንስ ጃዝ የክላሪኔትን ድርሻ እንዴት እንይዛለን?

በኒው ኦርሊንስ ባህላዊ ጃዝ ከፊት የሚቆሙት የትንፋሽ መሣሪያዎች ሦስት ናቸው። ትራምፔት ወይም ኮርኔት ዜማውን ይይዛል፣ ትሮምቦን ከሥር ይደግፋል፣ ክላሪኔት ደግሞ ከላይ ይሽከረከራል። በዚህ ስልት መኖር የሚፈልግ ሰው ከሶሎ፣ ማለትም ለብቻ ከመጫወት፣ በፊት ይህን ድርሻ ይልመድ። ጣቱ ቢፈጥንም ትራምፔቱን የሚሸፍን ተጫዋች ለሁለተኛ ሥራ አይጠራም።

በማዳመጥ ጀምሩ። ክላሪኔት ተጫዋቹ ጆኒ ዶድስ በ1923 ከኮርኔት ተጫዋቹ ኪንግ ኦሊቨር ጋር፣ ከ1925 ጀምሮ ደግሞ ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር የተቀዳቸው ሥራዎች ከሁሉ ይቀድማሉ፤ ከዚያ ሌላውን ክላሪኔት ተጫዋች ጆርጅ ሉዊስን ያዙ። አንድ ቅጂ ምረጡና የክላሪኔቱን መስመር እስክታንጎራጉሩት ድረስ ኖታ አትጻፉ፤ የድምፁ መንቀጥቀጥና መንሸራተት በኖታ አይያዝም።

ቀጥሎ ዜማውንና ኮርዱን፣ ማለትም ከዜማው ሥር ባንድነት የሚሰሙትን ድምፆች፣ በቃል አጥኑ። ክላሪኔቱ ቢ ፍላት ስለሆነ ፒያኖው ቢ ፍላት ሲል እናንተ ሲ፣ ኢ ፍላት ሲል ኤፍ፣ ኤፍ ሲል ጂ ትነፋላችሁ። ትራምፔቱ በሲ ኮርድ ላይ ጂን ይዞ ቆመ እንበል። እናንተ ከዚያ በላይ ሲ፣ ኢ፣ ጂ እያላችሁ ተንቀሳቀሱ። ኮርዱ ወደ ሲ ሰባት፣ ከዚያም ወደ ኤፍ ሲሄድ ቢ ፍላትን ያዙና ኤ ላይ ውረዱ፤ ለውጡን ለአድማጭ የሚያሰማው ይህች ግማሽ ድምፅ ናት። ትራምፔቱ ብዙ ሲንቀሳቀስ እናንተ አንድ ድምፅ ይዛችሁ ቆዩ። ስልቱ በሙሉ ያለው እዚህ ነው።

ለጀማሪ ሁለት ተኩል ቁጥር ሪድ፣ ማለትም ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው የሸምበቆ ምላስ፣ ይስማማል። ሲጠነክር መንጋጋ ይጨመደድና ድምፁን ማጠፍ ያቅታል፤ ሲሳሳ የላይኛው ድምፅ ይወርዳል። ዶድስና ሉዊስ የተጫወቱት በአልበርት ሥርዓት፣ ማለትም በቆየው የቁልፍ አደራደር፣ በተሠራ ክላሪኔት ነው፤ የተለመደው የቦም ሥርዓትም ይበቃል።

ከመካከለኛው ኤ ወደ ቢ ስትሻገሩ የሚጮኸው ጣቶች ባንድ ጊዜ ስለማይደፍኑ ነው። ኤ ላይ እያላችሁ የቀኝ እጅ ጣቶችን አስቀድማችሁ አስቀምጡ። ቅኝቱን መሣሪያው ሳይሞቅ አታስተካክሉ፤ ሲሞቅ ቅኝቱ ከፍ ይላል። ያኔ በርሜሉን፣ ማለትም ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ያለውን አጭር ክፍል፣ አንድ ሚሊሜትር ያህል ሳቡት።

ለሥራ ስትቀርቡ ብሉዝ፣ ማርሽና መዝሙር በቃላችሁ ይኑር። «ሃይ ሶሳይቲ» የተባለው ማርሽ ላይ ያለውን፣ ከፒኮሎ (ከትንሿ ፍሉት) ተወስዶ የክላሪኔት የሆነውን ሶሎ ሳታውቁ አትሂዱ፤ ባንዶች ክላሪኔት ተጫዋችን ሲፈትኑበት የኖሩት በእሱ ነው።