ወይ ሆም ራን ወይ ባዶ፦ እንዲህ ያለ መቺ ትሬድ ሲቀርብልህ

ሲያትል ውስጥ ከስራ ባልደረቦቼ ጋር ፋንታሲ ቤዝቦል (እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠህ ሜዳ ላይ በሚሰሩት ነጥብ የምትወዳደርበት ጨዋታ) ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። የፕሪሚየር ሊጉን ፋንታሲ የምትጫወት ከሆነ ነገሩ አይጠፋህም፣ አንድ ልዩነት ግን አለ። እዚያ ሁላችንም ሃላንድን መያዝ እንችላለን። እኛ ሊግ ውስጥ ግን አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከፈለግከው ባለቤቱን ማናገር፣ መከራከር፣ የራስህን ሰው መስጠት አለብህ። መርካቶ በለው። ይህ ልውውጥ ነው ትሬድ የሚባለው።

እና በየዓመቱ ጁላይ ላይ አንዱ ይደውልና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። "ሃያ ምናምን ሆም ራን ያለው ሰውዬ እየሰጡኝ ነው፣ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አልመታም፣ ልውሰደው?" ሆም ራን ማለት ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያወጣ ምት ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሰውዬው አይደለም። ሊጋችሁ ነጥብ የሚቆጥረው በምንድን ነው?

የአሜሪካ ሜጀር ሊግ መቺ የነበረውን ጆይ ጋሎን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2021 38 ሆም ራን መታ። ባቲንግ አቬሬጁ (ሂቱ፣ ማለትም መትቶ በሰላም ቤዝ ላይ የደረሰበት ጊዜ፣ ለሙከራው ሲካፈል) ግን 0.199 ነበር፤ ማለትም ከአምስት ሙከራ አንዱን እንኳን በቅጡ ሂት አላደረገም። 213 ጊዜ ስትራይክአውት ሆነ፣ ማለትም በሶስት ስትራይክ ወጣ፤ 111 ጊዜ ደግሞ በዎክ፣ ማለትም ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ስለወረወረለት፣ ሳይመታ ቤዝ (ሯጩ የሚያርፍበት ጣቢያ) ላይ ደረሰ። አሁን ተመልከት። ሊጋችሁ አቬሬጅ የሚቆጥር ከሆነ ይህ ሰው ቀዳዳ ነው። አቬሬጁን ትቶ ቤዝ ላይ የመድረስ መጠንን የሚቆጥር ከሆነ የዚያ ዓመት ቁጥሩ 0.351 ነው፤ ዎኮቹ አነሱት፣ አሪፍ ሰው ሆነ። ለእያንዳንዱ ስትራይክአውት አንድ ነጥብ የሚቀንስ ሊግ ከሆነ ደግሞ 213 ነጥብ ሄደ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሆም ራን 4 ነጥብ ቢሰጥህ 38ቱ ተደምረው 152 ናቸው። ሰውዬው ያው አንድ ሰው ነው።

ቡድኖች በአቬሬጅ ደረጃ የሚያገኙበት ሊግ ውስጥ ከሆንክ ሂሳቡን በወረቀት ስራው፣ በስሜት አይሆንም። አስር መቺ አለህ እንበል፣ እያንዳንዱ 500 ሙከራ ያገኛል፣ በጠቅላላ 5,000። 0.280 የሚመታ ሰው ሰጥተህ 0.200 የሚመታ ከተቀበልክ 40 ሂት ታጣለህ። ቡድንህ 0.262 ከነበረ ወደ 0.254 ይወርዳል። ትንሽ ትመስላለች፤ እኛ ሊግ ውስጥ ግን ይህቺ ልዩነት ሁለት ሶስት ደረጃ ታስወርዳለች። በአቬሬጅ ቀድሞውኑ መጨረሻ ከሆንክ ግን ምን ታጣለህ? ውሰደው። አንደኛ ከሆንክና ከበታችህ ያለው ሩቅ ከሆነም ውሰደው። መሃል ላይ ከአራት ሰው ጋር የምትጋፋ ከሆነ ነው ማሰብ ያለብህ።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ። ድርቅ መታው ሲባል ሁለት ዓይነት ድርቅ አለ። አንደኛው ኳሱን እየደበደበው ግን ተከላካዮቹ እጅ ላይ እየገባበት ነው። ሁለተኛው ጭራሽ አያገኘውም። ሁለቱም ስልክህ ላይ "4 ሙከራ፣ 0 ሂት" ብለው ነው የሚታዩት፣ ለዚህ ነው ሰው የሚሸወደው። ቤዝቦል ሳቫንት የሚባለው ድረ ገጽ በነጻ ነው፣ ግባና የኳሱን ፍጥነት እይ። በሰዓት 95 ማይልና ከዚያ በላይ ሆኖ ከዱላው የሚወጣ ኳስ ጠንካራ ምት ይባላል። የጠንካራ ምቱ ድርሻ እንደ ድሮው ከሆነ፣ ስትራይክአውቱም ካልጨመረ፣ ሰውዬው ደህና ነው፤ ባለቤቱ ተስፋ ሳይቆርጥ በፊት ሳይሆን ሲቆርጥ ጠብቀህ ጠይቀው። ፍጥነቱ ከወረደና ስትራይክአውቱ ከጨመረ ግን ሽሽ። በተለይ እጁን ወይም የእጁን አንጓ ተመትቶ እንደሆነ ዜናውን ፈልግ። ኃይለኛ መቺ እጁ ከታመመ፣ ሜዳ ላይ ቢቆምም ያ ኃይል አብሮት አይመጣም።

መቺውን ኤውሄኒዮ ስዋሬዝን እዚህ ሲያትል በዓይናችን አይተነዋል። በ2025 አሪዞና እያለ 36 ሆም ራን መትቶ ነበር። ከትሬዱ ጥቂት ቀናት በፊት እጁ ላይ በኳስ ተመታ፣ ከዚያ የሲያትሉ ቡድን ማሪነርስ ሶስት ወጣቶች ሰጥቶ ወሰደው። የእኛ ስታዲየም ደግሞ ለመቺ የማይመች በመሆኑ የታወቀ ነው። ውጤቱ? በቀሩት ሁለት ወራት 13 ሆም ራን፣ አቬሬጅ 0.189። ፋንታሲ ላይ ይዞት የነበረው ባልደረባዬ በየቀኑ ያጉረመርም ነበር። ከዚያ ኦክቶበር 17፣ ከቶሮንቶ ጋር በአሜሪካን ሊግ ሻምፒዮና አምስተኛው ጨዋታ ሁለት ሆም ራን መታ፣ አንደኛው በስምንተኛው ኢኒንግ (ዙር) ሶስቱም ቤዝ ሞልቶ ሳለ። ሲያትል 6 ለ 2 አሸነፈች። ከተማው አበደ። የፋንታሲው ዓመት ግን ካለቀ ቆይቶ ነበር፣ ባልደረባዬ አንዲት ነጥብ አላገኘባትም።

ስለ ዋጋው። እኔ አንድ ጊዜ የሰራሁት ስህተት ይሄ ነው። ሰውዬው በአንድ ሳምንት አራት ሆም ራን መታ፣ እኔ ሰኞ ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ትሬድ ላክሁ፣ ያውም 0.290 የሚመታ የማይለዋወጥ ልጅ ሰጥቼ። ሳሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ። ባለቤቱ በአምስት ደቂቃ ተቀበለኝ፣ ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። በቀጣዮቹ 19 ቀናት አንድ ሆም ራን ነው ያገኘሁት። ምሳ ሰዓት ስልኬን ስከፍት፦ ሶስት ስትራይክአውት። በማግስቱም ሶስት።

ስለዚህ ሲግል ሽጥ፣ ሲደርቅ ግዛ። የምትሰጠውም ነገር የተረፈህ ይሁን። ሶስት ጥሩ ዘጊ ፒቸር (ጨዋታውን የሚጨርስ ወርዋሪ) ካለህ አንዱን ስጥ፣ ያለህን አንድ ምርጥ ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር ግን አትንካ። ሁለት ሰጥተህ አንድ ስትቀበል ደግሞ ባዶ የሚቀረውን ቦታ ማን እንደሚሞላው ቀድመህ እወቅ። የኒው ዮርኩ ያንኪስ ጋሎን በ2021 ዓመቱ መሃል ከቴክሳስ ለመውሰድ አራት ወጣት ሰጥቶ በቀረው ጊዜ 0.160 አቬሬጅ ነው ያገኘው፤ ከአራቱ ሁለቱ፣ ዱራንና ስሚዝ፣ በ2023 ዋንጫ ባነሳው ቴክሳስ ውስጥ ነበሩ።

ጥያቄውን ስትልክም "አንተ ስንት ትላለህ?" ብለህ ጀምር እንጂ የራስህን ዋጋ አታስቀድም። እና የሊጋችሁ የትሬድ መዝጊያ ቀን መቼ እንደሆነ አሁኑኑ እይ። ካለፈ ይሄን ሁሉ ያነበብከው ለሚቀጥለው ዓመት ነው።